ምሥጋና ያላየችው የአዞ ገበያ

ጫሞ ሐይቅ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ጁስ ቤት ያላት ምሥጋና ለስንቱ እንግዳ የአዞ ገበያን፣ አዞዎቹ ሐይቁ ዳር ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበትን ሥፍራ፣ መንገድ አሳይታለች። ጀልባው ከየት እንደሚነሳ፣ በየትኛው ሰዓት መሄድ እንደሚሻል፣ እጅን ከጀልባው ውጭ ማንጠልጠል ለምን ደግ እንዳልሆነ፣ ማንጎ እየላጠች ትዘረዝረዋለች። «አንቺስ ስንቴ አየሽው?» ሲሏት ግን የጁሱን ማሽን ታስነሳለች። ሐይቁ አጠገብ ተወልዳ እዚያው አድጋ አንድ አዞ በዓይኗ አላየችም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዳትሉ፤ የእሷ ምክንያት ሌላ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሊያንሸራሽር ተነሳ። በዚያው ጠዋት ምሥጋናን ወባ ጣላት። ጓደኛዋ ኖላዊት ይህን ስትሰማ ከመኪናው ወርዳ መጣችና አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ዋለች። «አንቺ ሳታዪ እኔም አላይም» አለቻት። ምሥጋናም እንደዚያው አለች። ቤተ ክርስቲያን «አትማሉ» እያለች ስላሳደገቻቸው መሐላ የለም፤ ቃል ብቻ ተሰጣጡ። ከዚያ ኑሮ መጣ። ምሥጋና ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝና ማንጎ እያስመጣች መሸጥ ያዘች፣ ኖላዊት አስተማሪ ሆነች፣ ጀልባው ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ።

ባለፈው ዓመት ኖላዊት ካምባ ላለ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆና ተመደበች። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት «ከተማዬን ልሰናበት፤ አዞውንም እንየው» ብላ ደወለች። ምሥጋና ሱቋን ዘጋች፤ ፀጉሯን ተሠራች፤ አዲስ ቀሚሷን ለበሰች። ስትደርስ ግን ኖላዊት ብቻዋን አልነበረችም። ፅዮን አብራት ቆማለች።

ፅዮን ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ ከኖላዊት ጋር አንድ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። ምንም በደል አልሠራችም። ምሥጋናን ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ በደል ብትሠራ ኖሮ መጥላቱ በቀለላት።

ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር ከሴቻ ቆመው ከታች ያሉትን ሁለቱን ሐይቆች ሲያዩ ፅዮን ስልኳን ለምሥጋና አቀበለቻት። «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ አንሺን።»

አንሺን! የልጅነት ጓደኛዋ ከሌላ ሴት ጋር ተቃቅፋ፣ እሷ አንሺ! አነሳች። አንዱ ፎቶ ላይ የፅዮን ፊት ግማሹ ተቆርጦ ቀረ፤ ሳላስበው ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ምሳ ላይ ባሰ። የተጠበሰ አሳ ከዳጣ ጋር፣ ከዚያ ከሚለበልበው የቃሪያ ማባያ ጋር ቀረበ። ኖላዊት እሾኹን እየለቀመች ፅዮንን ታጎርሳታለች። «አሳ አልለመደችም እኮ፣ እንዳያንቃት ነው» ትላለች። ምሥጋናንም አጎረሰቻት፤ አንዴ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ምሥጋና ግን ጉርሻውን ሳትጠብቅ ተጣልታለች። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ዳጣውን አብዝታ ጠቀሰችና «አቃጠለኝ» ብላ አመካኘች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀልባ ነጂው ጋሽ ካሱ ኖላዊትን ትኩር ብለው አዩና ሳቁ። «ውይ የኔ ልጅ፣ ዛሬም መጣሽ? ያኔ ከመምህራኑ ጋር የመጣሽው አይደለሽም?»

ኖላዊት ደነገጠች። ፅዮን ግን «አዎ ጋሼ፣ አብረን ነበርን» አለች።

ምሥጋና ፊቷን አዞረች። «ምሥጉ፣ ስሚኝማ፣ ልንገርሽ» ብላ ኖላዊት ክንዷን ያዘቻት።

«ምኑን ነው የምትነግሪኝ? የእኔን ቃል ለእሷ ሰጠሻት። ካምባም ይዘሻት ሂጂ!» አለችና ከጀልባው ፊተኛ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታቸው ብቻዋን ተቀመጠች። ጋሽ ካሱ ሞተሩን አስነሱ፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም።

ሄደው ሄደው ሞተሩ ረገብ ሲል ምሥጋና ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ፅዮን ቀድማ ያየችውን አዞ እሷ ምን ልታደርገው? ሌላ ሰው ጠጥቶ እንደተወው ጁስ ነው። ከኋላዋ ፅዮን «ውይ! ያኛው! ኧረ አፉን ከፈተ!» ስትል ትሰማለች። የኖላዊት ድምፅ ግን የለም። «ምን ይገርማታል፣ አይታዋለች» አለች በልቧ። ጀልባው ዞሮ እስኪመለስ ቀና አላለችም።

ዳር ደርሰው ሲወርዱ ጋሽ ካሱ የኖላዊትን እጅ ይዘው እያወረዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺስ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ሁለት ጊዜ መጥተሽ አንዴም አላየሽም! ያን ቀን በነጠላሽ ተሸፋፍነሽ፣ ዛሬም እንደዚያው። ከፈራሽ ምን አመጣሽ?»

ምሥጋና ዞር አለች። ኖላዊት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ እየገለጠች ነበር።

«አልፈራሁም ጋሼ» አለች። «እሷ ቀና እስክትል እየጠበቅኳት ነው።»

ምሥጋና ወደ ኖላዊት ተራመደች። ግን ቀድማ የተናገረችው ፅዮን ናት። «ያኔም መምህራኑ ጎትተው ነው ያሳፈሯት። ‹ምሥጋና ሳታይ አላይም› ብላ ስታስቀን ዋለች። እኔ እኮ ዛሬ የመጣሁት ሁለታችሁ ስታዩት ፎቶ ላነሳችሁ ነው።»

ምሥጋና ኖላዊት አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «እንመለስ ጋሼ፣ እባክዎ፣ አንዴ ብቻ» ብላ ለመነች። ጋሽ ካሱ ግን ወደ ሐይቁ አመለከቱ፤ ነፋሱ ተነስቶ ውሃው መናወጥ ጀምሯል። «ዛሬ ከእንግዲህ ጀልባ የለም» አሉ። «ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል፤ የእናንተስ እራቱም ቀረ።»

በማግስቱ ጠዋት የካምባው መኪና ሲነሳ ኖላዊት በመስኮት ብቅ ብላ «እስክመጣ እንዳታዪ!» ብላ ጮኸች።

ፅዮን አሁን ከሥራ ስትወጣ ጁስ ቤቱ ጎራ ማለት ለምዳለች። ምሥጋና አሁንም ትቀናባታለች፤ ግን ብርጭቆዋን ሞልታ ነው የምትቀዳላት። አንዳንዴ ፅዮን «ያን ቀን የቀረፅኩትን የአዞዎቹን ቪዲዮ እንኳ ላሳይሽ» ብላ ስልኳን ስትከፍት፣ ምሥጋና ማንጎ በነካው እጇ ዓይኗን ትሸፍናለች።