የየኔታ ድምፅና የእኔ አውራ ጣት

በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ ስለ ቴፕና ስለ ራዲዮ የሚያውቅ ሰው ይጠራ ቢባል አንደኛ እኔ፣ ሁለተኛም እኔ ነበርኩ። ሦስተኛውን ቦታ ፒያሳ ላሉት ጠጋኝ እለቅላቸዋለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ ሲቸግራቸው የሚያማክሩት እኔን ነበር፤ ዛሬ ቢጠየቁ ይክዳሉ እንጂ።

እንጀራዬን የማገኘው ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። ልቤ ግን ቤት ውስጥ ከካቻቢቴዬና ከፒንሳዬ ጋር ነው የሚውለው። አሥራ አንድ ራዲዮ፣ አራት ቴፕና ቁምሣጥን የሚያህል ባለአምፖል የሸክላ ማጫወቻ ነበረኝ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጨዋ አይደለም። ባለአምፖሉ ተከፍቶ እስኪሞቅ ድረስ ሽሮ ይበስላል። ከሞቀ በኋላ ግን ድምፁ ግድግዳውን አልፎ የጎረቤት ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የዘንድሮ ዕቃ መቶ ዓመት ቢፎክር እዚያ አይደርስም።

እናቴ ነርስ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ የተከፈቱትን ራዲዮዎች እየተራመደች፣

"እኔ ከምውልበት ክፍል እዚህ የተኛው ይበዛል" ትለኛለች። "የእኛዎቹ እንኳ አንዳንዴ ድነው ይወጣሉ።"

ከሁሉም የምኮራው በአንዲት ጃፓን ሠራሽ ቴፕ ነበር። እጀታዋን አንጠልጥዬ መንገድ ስወጣ ሚኒስትር የሸኘሁ ያህል ነበር የምራመደው። ድምፅ ስትቀዳ ፊቷ ላይ አንዲት ቀይ መርፌ ትዘላለች። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ትበላለች። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በዚያን ጊዜ ኅብረት ሱቅ መጣ ከተባለ ሰልፉ እስከ ፋሲል ግንብ የሚደርስበት ነገር ነው። ስለዚህ የደከመውን ድንጋይ ማንም አይጥልም። አንዳንዱ በጥርሱ ይነክሰዋል፣ ሌላው ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል። የእኔ ዘዴ ፀሐይ ነበር። ጠዋት ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣቸዋለሁ፣ ረፋድ ላይ ወጥቼ አገላብጣቸዋለሁ፣ ቀትር ላይ ለቅሜ አወርዳቸዋለሁ። የሞተ ድንጋይ አስነሣለሁ ብዬ ሠፈሩን ሁሉ አስተምሬ ነበር። ተከታዮችም ነበሩኝ።

ከቤታችን በላይ ባለው ደብር አንድ የታወቁ የድጓ መምህር ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሲያዜሙ ርግቦቹ ከጣሪያው ተነሥተው የሚዞሩት ፈርተው ሳይሆን ለማሸብሸብ ይመስለኝ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የጃናሞራ ሰው ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ ጎልማሳ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ጠራኝ።

"ወንድሜ፣ ያች ቴፕህ የሰው ድምፅ ትይዛለች አሉ።"

"የሰው ብቻ? የዝንብ ትንፋሽ ትይዛለች።"

"እንግዲያው የኔታን ያዝልኝ። የጽጌውን ዜማ ገና አልዘለቅሁትም። አገሬ መካነ ብርሃን ደግሞ ለመጪው ጽጌ መጥተህ ምራን እያለ ነው።"

የዜማው ምልክት መጽሐፉ ላይ አለ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ምልክቱ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ይናገራል እንጂ የየኔታ ጉሮሮ እንዴት እንደሚወርድ አይናገርም አለኝ። እሱን የሚያገኘው ከአፋቸው ሰምቶ ብቻ ነው።

የኔታ ቴፗን ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

"ይህች ሣጥን ትማራለች?"

"አንዴ ከሰማች አትረሳም፣ የኔታ።"

"ከእነዚህ ሁሉ ትሻላለች በለኛ" አሉና ተማሪዎቻቸውን በመቋሚያቸው ጠቆሟቸው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ያሰጣኋቸውን ስድስት ድንጋዮች ገና ከነሙቀታቸው ከትቼ ቀዳሁ። የካሴቱ አንድ ፊት እስኪያልቅ ድረስ የኔታ አዜሙ። መርፌዋም ዘለለች። ሲያልቅ ድንጋዮቹን ጥቂት አሳርፌ መጀመሪያውን መልሼ አሰማኋቸው፤ ቁልጭ ያለ ነው፣ የኔታ ራሳቸው ናቸው። የቀረውን እንዳላሰማ ድንጋዩ ያልቃል ብዬ ሰሰትኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ የጎንደር ሕዝብ ስለዚህ ካሴት ከእኔ አፍ ሌላ ወሬ አልሰማም።

ክረምት ሲገባ የኔታ ጉሮሯቸውን ታመሙ። በሽታው ለቀቃቸው፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ትንሽ የአየር ሹክሹክታ እንኳ አልቀረላቸውም። በእጅና በመቋሚያ መናገር ጀመሩ። እንግዲህ የጽጌው ዜማ በእሳቸው ጉሮሮ የቀረው በእኔ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ አዝኛለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትንሽም ኮርቻለሁ።

ጽጌ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከኅብረት ሱቅ ያገኘኋቸውን ስድስት አዲስ ድንጋዮች ይዤ ደብሩ ቅጥር ግቢ ሄድኩ። ተማሪው አለ፣ ሦስት አራት ደብተራዎችም ተሰብስበዋል። ከፈትኩት። የኔታ ከሣጥኗ ወጡ። ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ተነሣ። እኔም ራሴ የዘመርኩት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ሁለተኛው የዜማ ቤት ላይ አንድ ነገር ሆነ። የኔታ ወጣት ሆኑ። ቀጥለው ዲያቆን ሆኑ። ከዚያ ጡት ያልጣለ ሕፃን ሆኑ። በመጨረሻ ጫጩት ሆነው፣ ያውም እንደሚሮጥ ጫጩት፣ ዜማውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

"አያ ቴፕ" አለኝ አንዱ ደብተራ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ይህ የማን ድጓ ነው? የአይጥ ነው?"

ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ተማሪው ግን አልሳቀም።

"ምነው?" አለኝ። "ምነው እንዲህ አደረግኸኝ? አሁን እኔ አገሬ ምን ይዤ ልግባ?"

ቴፗን ዘግቼ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ቁጭ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ መጀመሪያ ይበረታል፣ ወዲያው ይወድቃል። የኔታ ሲያዜሙ ቴፗ ቀስ በቀስ እየደከመች ካሴቱን በእርጋታ ነው ያዞረችው። አሁን በአዲስ ድንጋይ ስትሮጥ ድምፁም አብሮ ይሮጣል። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ሠፈሩን ያስተማርኩበት ያ ዘዴዬ ነው የኔታን ጫጩት ያደረጋቸው።

እንግዲያው በደከመ ድንጋይ ላጫውተው ብዬ ሌላ ቴፕ ላይ ሞከርኩ። ያኛው ሲንፏቀቅ ቆይቶ ካሴቱን በላው። ክሩን እንደ አንጀት አውጥቼ በጥፍሬ አቃናሁት፣ በእርሳስ ጠቅልዬ መለስኩት። ተጨማድዷል። ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ መጫወት እንደማይችል አየሁ።

ከዚያ የጃፓኗን ጀርባ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ካሴቱን የሚያዞር አንድ የነሐስ መንኮራኩር አለ። ስትዞር አውራ ጣቴን ጠጋ ባደርግባት ቀስ አለች። ጫን ስል የባሰ ቀስ አለች። አገኘሁት! ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ተማሪውን ጠርቼ አሳየሁት።

"ሸጋ ነው" አለ፣ "ግን ምን ያህል ቀስ ይበል?"

"አንተ አታውቅም?"

"እሱን ባውቅማ መች አንተን እለምን ነበር?"

የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አይናገሩም።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ የኔታ ቤታችን መጡ። እናቴ አጎዛ አነጠፈችላቸው። የጃፓኗን ከሌላ ቴፕ ጋር በሽቦ አገናኘሁና ባዶ ካሴት ከተትኩበት፤ በጣቴ እያስተካከልኩ የማወጣውን ድምፅ ያኛው እንዲቀዳው ነው። በዚያ ላይ መብራት እንዳይጠፋ የማልለምነው ታቦት አልነበረም። የኔታ መቋሚያቸውን ያዙ። ቀስ ብለው መሬቱን ሲነኩ ቀስ፣ ከፍ ሲያደርጉ ለቀቅ እንዳደርግ በምልክት ተግባባን። እኔ ዓይኔን መቋሚያው ላይ፣ ጣቴን መንኮራኩሩ ላይ አድርጌ ጀመርኩ።

መጀመሪያው ያለ እኔ ሄደ። ከዚያ ድምፁ መቅጠን ሲጀምር ጫን አልኩ፤ የኔታ ከዲያቆንነት ተመልሰው ሽማግሌ ሆኑ። ተማሪው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ደረት የሚባለው፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከሆድ የሚወጣበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ደስታው አሸነፈኝና ጣቴ ላላ። መቋሚያው ከመሬት ተነሥቶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። አመመኝ። ያመመኝን ያህል ግን በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም፤ የኔታ የሚመቱት የራሳቸውን ተማሪ ብቻ ነዋ!

"ከመጀመሪያው" አለ ተማሪው፣ ፊታቸውን አንብቦ።

"ክሩ ቢበጠስስ?" አልኩ።

የኔታ መሬቱን አንዴ መቱ። ከመጀመሪያው ማለት ነው።

ሁለቱንም ካሴቶች ወደ መጀመሪያቸው መለስኳቸው። ጣቴ ነሐሱ ስለፋቀው ይቃጠላል፤ እናቴ ቅባት ልቀባህ ብትለኝ ያዳልጣል ብዬ እምቢ አልኳት። የተጨማደደው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አለፈ። ደረቱ ላይ ስንደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጣቴን አጸናሁ። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ባለአምፖሉ የሸክላ ማጫወቻዬ እንኳ ወርዶ የማያውቀው ቦታ ደረሰ። ቀና ስል መቋሚያው እኔን ማዘዝ ትቷል። ዜማውን እየተከተለ በራሱ ይወዛወዛል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ተማሪው ከሥር ከሥር መቀበል ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ሳይሳሳት ወጣው። ሲያልቅ የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ያ መነቅነቅ ለአንድ የድጓ ተማሪ ዲፕሎማ ነው።

ተማሪው አዲሱን ካሴት በጨርቅ ጠቅልሎ በደባርቅ በኩል ወደ አገሩ ወጣ። ከጽጌ በኋላ ከጃናሞራ በግ ሊሸጥ የመጣ አንድ ሰው ገበያ ላይ አግኝቼ ስለ አዲሱ መሪ ጠየቅኩት።

"ሸጋ ነው" አለኝ። "ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው የጎንደሩ የኔታ መጡ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።"

"ደረቱ ላይ አልፈጠነም?"

ሰውየው ከበጉ ቀና ብሎ አየኝ። በግ ገዢ የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም።

"ኧረ ምን ይፈጥናል" አለ፣ "ረጋ ብሎ ነው እንጂ።"