አብረኸት ብራንካን ያሰለፈችበት እሑድ

አብረኸት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች። ቅርፊቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር በወገቡ በኩል ሰንጠቅ ታደርገውና ፍሬዎቹን ወደ ነጩ ሳህን ትገፋቸዋለች። የግንቦት እሑድ ነው። አሠሪዋ ሲኞራ ኢዳ በግንቦት ጥሬ ባቄላ በፔኮሪኖ አይብ ካልበሉ ምሳ የበሉ አይመስላቸውም።

ከንፈሯ ግን የሁለት ኳስ ተጫዋቾች ስም ላይ ነበር። አንዱን ቅርፊት ስትሰነጥቅ «ዶናሪ» ትላለች፤ ቀጣዩን ስትሰነጥቅ «ብራንካ»።

«አሁንም አልወሰንሽም?» አሏት ሲኞራ ኢዳ ከበሩ ላይ ሆነው።

«አልወሰንኩም፣ ሲኞራ።»

«ብሩኖ ቢኖር ዶናሪን ነበር የሚልሽ። መልከ መልካም ነገር ይወድ ነበር። እኔን ለምን ያገባኝ ይመስልሻል?»

ሁለቱም ሳቁ። አብረኸት ግን ስቃ ስታበቃ ያው «ብራንካ» አለች።

አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ሴት ናት። ሮም ከመጣች በኋላ ቪያ ኩርታቶኔ ላይ ስደተኞች በያዙት ሕንፃ ከሌሎች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ ትኖር ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ፖሊስ ሰዉን ሁሉ ከዚያ ሲያስወጣ እሷም ብርድ ልብሷንና አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ቆይታም በባዳንቴነት እነ ሲኞራ ኢዳ ቤት ገባች፤ እዚያው እያደረች ሁለቱን አዛውንት ትጦር ጀመር። የሲኞራ ኢዳ ባል ሲኞር ብሩኖ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በየጠዋቱ የስፖርት ጋዜጣ ታነብላቸው ነበር። መጀመሪያ ምንም ሳይገባት ነበር የምታነበው። ኋላ ግን የትኛው ተከላካይ ጉልበቱን እንደሚያመው፣ የትኛው አሠልጣኝ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሁሉ አወቀች። ሲኞር ብሩኖ ከሞቱ በኋላም ጋዜጣውን መግዛት አልተወችም።

በዚሁ ነው ታረቀኝ ባር የገባችው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው የታረቀኝ ባር ውስጥ የኛ ሰዎች በየእሑዱ ፋንታካልቾ ይጫወታሉ። እግር ሳያነሱ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከጣሊያን ሊግ ተጫዋቾች እየመረጠ የራሱን ቡድን ያቆማል፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። ከዚያ በየሳምንቱ ከቡድኑ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሰልፋል። ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ በሠሩት ልክ ጋዜጣው የሚሰጣቸው ነጥብ ይደመራል። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ይገጣጠምና ድምሩ የበለጠው ያሸንፋል። ጎል ያገባ ሦስት ይጨመርለታል፤ በረኛ ጎል በገባበት ቁጥር አንድ ይቀነስበታል። አንድ ሰው ወደ ጀርመን ሲሄድ ቦታው ለአብረኸት ደረሳት።

ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት ወንበሮች አሥር ብቻ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ የመጨረሻ የወጣው ሰው ወንበሩን ተራ ለሚጠብቅ ይለቅና ዓመቱን ሙሉ ባንኮ፣ ማለትም ባንኮኒው ላይ፣ ቆሞ ይጠጣል። ለወንዶቹ ይህ የሳቅ ነገር ነው። አብረኸት ግን ባንኮ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ክርን ለክርን ቆማ የምትጠጣ ሴት አይደለችም። ወንበሯን ካጣች ከዚያ ባር መቅረቷ ነው። ዕረፍቷ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት ነው፤ ያለዚያ ጠረጴዛ እሑዷ ፒያሳ ቪቶሪዮ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እርግብ ማየት ይሆናል። ከዚያ በፊት እንደዚያ ነበር፤ እኔም እዚያው አግዳሚ ላይ ነው ያወቅኳት።

በዚያ እሑድ ከታች የቀሩት እሷና ኪዳነ ነበሩ፤ ነጥባቸው እኩል ነው፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የሚገጣጠሙት እርስ በርሳቸው ነው። የተሸነፈ ባንኮ።

ታረቀኝ ቤት አሰላለፍ በስልክ አይላክም። አንድ ዓመት «ልኬያለሁ»፣ «አልደረሰኝም» ተባብለው ሁለት ጓደኛሞች ተጣልተው ነበርና፣ የጨዋታው ዳኛ ጋሽ ገብረሃና ሥርዓት አወጡ። ሰው ተነስቶ በአፉ ይናገራል። የተናገረውን አይመልስም።

መጀመሪያ የተነሳው ኪዳነ ነው። በጭነት መኪና የውኃ ጠርሙስ የሚያከፋፍል፣ ድምፁ ከመኪናው የሚበልጥ ሰው ነው።

«በረኛዬ ሎሬንዚኒ!» አለ። «ዛሬ የሚገጥሙት እነ ብራንካን ነው፤ እነዚያን ወራጆች። ጓንቱን እንኳ አያቆሽሽም።»

አብረኸት ተነሳች። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛለች። አሥሩን ስም በቀስታ ጠራች። ግራ ክንፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዶናሪ በይና ተቀመጪ፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ገብረሃና። «ይሄ ምኑ ያስጨንቃል?»

«ብራንካ እኮ ከገና ወዲህ ጎል ያየው በቴሌቪዥን ነው!» አለ ታረቀኝ ብርጭቆ እያጠበ።

«ተዋት እንጂ አንተ! ብራንካን ታስገባልን!» አለ ኪዳነ። «አብረኸትዬ፣ ስትሄጂ ወንበሯን ወልወል አድርጊያት፤ ለሚቀጥለው ሰው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ነበርኩ፤ እጇን አየሁት፤ ማንገቻውን ለቀቀችው። አብረኸት ትልቅ ሰው ሲመክራት «እሺ» ብላ ነው የኖረችው። በዚያች ወንበር ላይ በተቀመጠችበት ዓመት እንኳ ጋሽ ገብረሃና ያሏትን ስታሰልፍ ነው ከታች የደረሰችው።

«ጋሽ ገብረሃና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ምክርዎን ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ግን አልቀበለውም። እነ ዶናሪ ዋንጫውን ከወሰዱ ሰንብተዋል፤ የሱ ሐሳብ አሁን ባሕር ዳር ነው። ብራንካ ግን ዛሬ ካልሮጠ በሚቀጥለው ዓመት ታችኛው ሊግ፣ ሴሪዬ ቢ ነው። ይሮጣል። ግራ ክንፍ፣ ብራንካ።»

ጋሽ ገብረሃና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ። «ተነግሯል።»

ቴሌቪዥኑ ያሳየው የነ ብራንካን ጨዋታ ነው፤ የሚወርደው የሚለየው እዚያ ነበርና። ብራንካ እግሩ ዘንግ የመሰለ፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚሰበሰብ ልጅ ነው። ሮጠ። ግን ሮጦ ሮጦ ባዶ በር ፊት ኳሷን ወደ ተመልካቹ ላካት። ኪዳነ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ሻማ አብሩለት!» አለ። ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር ታረቀኝ ስልኩን አይቶ «ዶናሪ ተቀይሮ ወጣ» አለ። «ከተጠባባቂዎቹ ጋር ብርቱካን እየላጠ ነው።» ጋሽ ገብረሃና ወንበራቸውን ወደ አብረኸት አስጠጉ።

ከዚያ ብራንካ ከመስመሩ ጥግ ኳሷን ነጠቀ። አንዱን አለፈ፣ ሌላው ተንሸራትቶ ጣለው፣ ተነሳ፣ አሁንም ኳሷ ከሱ ጋር ናት። ሎሬንዚኒ ወጣበት። በእግሮቹ መሃል አሳለፈበት።

አብረኸት ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ገባ!» አለች፤ ከሁሉም በላይ የተሰማው የሷ ድምፅ ነው።

«ለሷ ሦስት፤ ካንተ በረኛ አንድ!» አለ ታረቀኝ ኪዳነን እየጠቆመ። «በአንድ ኳስ ሁለቴ ተመታህ!»

ኪዳነ እጅ አልሰጠም፤ ወዲያው የሱ አጥቂ በሌላ ሜዳ አገባለትና ተነስቶ ጨፈረ። ጭፈራውን ሳይጨርስ ብራንካ ከማዕዘን የመጣችውን ኳስ በግንባሩ ገጫት። ሁለተኛ። ቡድኑም አልወረደም። ልጁ ማልያውን አውልቆ ወደ አጥሩ ሲሮጥ ባሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ መንገድ ላይ የነበሩ ጣሊያኖችም ምን ሆኑ ብለው አንገታቸውን አስገቡ።

የጋዜጣው ነጥብ ሲወጣ ጋሽ ገብረሃና በሶፍት ላይ ደምረው ተነሱ። «አብረኸት፣ በአንድ ነጥብ ተኩል» አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ጨበጧት። «እኔን ሰምተሽ ቢሆን ባንኮ ነበርሽ፣ ልጄ። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ነኝ የማማክርሽ።»

ኪዳነ ቢራውን አንስቶ ወደ ባንኮው ሄደ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለ። «ዘንጉ ልጅ ጉድ አደረገኝ።»

«ክርንህን አታስደግፍ፣ ኪዳነ» አለችው አብረኸት፤ «እብነ በረዱ ይቀዘቅዛል።» ባሩ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እሷ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ለሁሉም ክሮዲኖ የሚባለውን ለስላሳ አዘዘች።

ማምሻውን አብረን ወደ ትራሙ ሄድን። ትኬቷን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎች ወጡ። ብሸነፍ እሑዴ ባዶ እንዳይሆን ብላ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ወዲያ ያሉት መነኮሳት ዘንድ ለእሑድ የልብስ ስፌት ኮርስ ልትመዘገብ አስባ ነበር። ከመነኮሳቱ አንዷ፣ ሱዎር አሌሳንድራ፣ እስከ ምሽት ቢሮዋን ከፍታ እንደምትጠብቃት ነግራት ነበር። ትራሙ መጣ። አብረኸት «አሁንስ አያስፈልጉኝም» ብላ ፎቶግራፎቹን መልሳ ከተተችና ወደ ሲኞራ ኢዳ ቤት ተሳፈረች።