አሥራ ስድስት ዲግሪ

አባቴ የማቀዝቀዣ ጥገና የተማረው አሰብ ነው፤ በዚያ እሳት በሚተፋ ሙቀት። ተፈናቅለን መጥተን መካኒሳ አቦ ቤት ስንከራይም የአሰብን ቁጥር በጭንቅላቱ ይዞት መጣ። የግፊት መለኪያው ቀስት እዚያ ቁጥር ካልደረሰ ለእሱ ጋዝ ጎድሏል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር።

ከጅቡቲ የተመለሱ አንድ ሐጂ ብስራተ ገብርኤል ቤት ሠርተው ኤር ኮንዲሽን ሊያስገጥሙ ፈለጉ። «በዚህ ብርድ?» እያለ ሰፈሩ ሳቀባቸው፤ እሳቸው ግን ያለሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ለአባቴ «ልጅህንም ይዘሃት ና፤ ሥራዋን ልይና ቄራ ያለው የሥጋ መጋዘኔ ማቀዝቀዣ ላይ እቀጥራታለሁ» አሉት። ያን ሌሊት በደስታ አልተኛሁም።

ነሐሴ ነበር፤ ያካፋል። የውጭው ማሽን ብርድ ላይ ስለሚሠራ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ቀስቱ የአሰቡ ቁጥር ላይ አልደርስ አለ። አባቴ ጋዝ ጨመረ። እኔ ቀጭኗ ቱቦ ላይ ቴርሞሜትር አሰርኩ። ጋዙ በስንት ዲግሪ ፈሳሽ እንደሚሆን ከአባቴ መለኪያ አነባለሁ፤ ቱቦዋ ከዚያ ምን ያህል ወርዳ እንደቀዘቀዘች ደግሞ ከቴርሞሜትሬ። ልዩነቱ ካነሰ ጋዙ ጎድሏል፤ ከበዛ ከልክ በላይ ሞልቷል። መጀመሪያ ስድስት ነበር፤ ደህና ነው። እሱ ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ አሥራ ስድስት ገባ።

«አባባ፣ አሥራ ስድስት ገብቷል፤ በዝቷል። ቀስቱን የያዘው ብርዱ ነው» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ብሎ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ሐጂ ሳቁን ሰምተው ቀረብ አሉ። «አንቺ የተማርሽው፣ ልክ ነው ወይስ አይደለም?»

አባቴ እጁ ሲሊንደሩ ላይ ነበር፤ ዓይኑ እኔ ላይ። በሰው ፊት ላሳፍረው አልቻልኩም።

«ለክቼዋለሁ፤ ልክ ነው» አልኩ።

መጋቢት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ የበዛው ጋዝ ግፊቱ ንሮ የማሽኑ ልብ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ተቃጠለ። ሐጂ ቤታችን ድረስ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ አባቴ «ጥፋቱ የኔ ነው» እስኪል ጠበቅሁ። ቢል ኖሮ ወጥቼ «የሁለታችንም ነው» እል ነበር።

«ለክታ ልክ ነው ያለችው እሷ ናት» አለ አባቴ። «እርስዎም ሰምተዋል።»

ሐጂ ለእኔ ያሰቡትን የመጋዘን ሥራ ለሌላ ባለሙያ እንደሚሰጡ ነግረውት ሄዱ። አባቴ ሸኝቷቸው ተመልሶ ምሳ አቅርቢ አለኝ። አቀረብኩለት።

ዋሸብኝ እንዳልል አልዋሸም፤ ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት እንደነበረ ግን ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም።