ከመሄዳቸው በፊት የተመለሱበት ጉዞ

ያን ቅዳሜ ጠዋት በነጯ መርከብ መመገቢያ ክፍል ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ ጋሼ፤ ምጽዋ ላይ የጦር መርከብ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ያኔ ሲያትል ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ትኬት የሚቆርጡ። ሁለተኛ ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው። ሦስተኛ ከኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር በታክሲው ያመጣን የጋሼ ጓደኛ። አራተኛ የመርከቧ የሞተር ክፍል አለቃ፤ ሽበታም አሜሪካዊ፣ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ጥቁር ዘይት ያለበት። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ አስተርጓሚ።

መርከቧ ሌክ ዩኒየን የሚባለው የከተማው ሐይቅ ዳር የምትቆም የምርምር መርከብ ነበረች። ስለ እንዲህ ዓይነት መርከቦች ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ስለነበር መንገድ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ድሮ የባሕሩን ጥልቀት ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ከባድ ብረት አስረው ይለኩ እንደነበር፣ በኋላ ግን ድምፅ ወደ ታች እየላኩ፣ ተመልሶ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ እየቆጠሩ የውቅያኖሱን ወለል ተራራና ገደል በካርታ እንዳወጡት ነገርኳቸው።

«ሶ፣ ዕቃ አትጭንም?» አለ ባለታክሲው።

«አትጭንም። የምታመጣው ውሃና ጭቃ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ብረት ለጭቃ! አንተ ባሕረኛ፣ ፓርኪንጉ አይሻልህም?»

«ዝም ብለህ ንዳ» አሉ ጋሼ።

መርከቧ ሰኞ ወደ ውቅያኖስ ልትወጣ ነው፤ ሞተር ክፍሏ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። ጋሼ ቦታውን እንዲያገኙ ቢያንስ ሁለት ዓመት ባሕር ላይ መሥራታቸውን በወረቀት ማሳየት ነበረባቸው። የአገልግሎት መዝገባቸው በአማርኛ ነው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የፓምፑን፣ የቫልቩን፣ የማቀዝቀዣውን ስም አንድ በአንድ ከመዝገበ ቃላት አመሳክሬያለሁ። በትርጉሜ ኮርቼ ነበር።

አለቃው መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አቆመ።

«እዚህ ላይ በኖቬምበር ወጡ ይላል። የተመለሱት ደግሞ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ። ከመሄዳቸው ዘጠኝ ወር ቀድመው ተመልሰዋል ማለት ነው?»

ወዲያው ገባኝ። የእኛን ዓመተ ምሕረት ወደ እነሱ ስቀይር በሁሉም ላይ ስምንት ደምሬያለሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው። ማንም የሚያውቀውን ነገር፣ የፓምፕ ስም ሳሳድድ ረሳሁት። በኅዳር የሚጀምር ጉዞ ሁሉ አንድ ዓመት ወደፊት ዘሏል። 

«ፕሮፌሰር፣» አለኝ ባለታክሲው፣ «እንዲህ የምትፈጥን መርከብ ካለች እኔም ልቀጠር።»

ጋሼ አልሳቁም። «የቱ ነው የተሳሳተው?» ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«የእኔ ነው ጋሼ። መዝገቡ ልክ ነው።»

ይህንኑ ለአለቃው አስረዳሁ። እሱ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌላ አመልካች እንዳለው፣ የማያምነውን ወረቀት ወደ ቢሮ መላክ እንደማይችል ነገረኝ። ስተረጉምላቸው ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ እትዬ እጃቸውን ያዙ።

«ቁጭ በል። መርከባችሁ ለጥገና የሄደችበት ጊዜ አይደል? የወጣኸው የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ካረገዝኩ አምስት ወሬ ነበር። በየካቲት ስትመጣ ሆዴ ነው ቀድሞኝ በር ላይ የተቀበለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ንገረው።»

ነገርኩት። አለቃው እትዬን ትኩር ብሎ አያቸውና ሳቁ አመለጠው። የሱም ሚስት የሱን ጉዞዎች በልጆቻቸው ልደት እንደምትቆጥር ነገረንና ንጹሕ ወረቀት አወጣ። «የቀሩትንም ይንገሩኝ» አለ።

ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉንም ጉዞ አንድ በአንድ ሄድንበት። እትዬ በበዓልና በልጅ፣ ጋሼ በዚያ ጉዞ በተበላሸው የሞተር ዕቃ ጊዜውን ያስታውሳሉ፤ ከመዝገቡ ጋር አስተያይቼ ሰባት ወይም ስምንት እደምራለሁ፤ አለቃው ይጽፋል። አንዴ ባልና ሚስት ተጣሉ። «ፋሲካን ቤት ነበርኩ» አሉ ጋሼ። «የበላኸው የመርከብ የቆርቆሮ ምግብ ነው፤ ዶሮውን እኔና ልጆችህ ጨረስነው!» መዝገቡን አየሁ። እትዬ ልክ ነበሩ። ተደምሮ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አለቃው ለጋሼ እጁን ዘረጋ።

ሰኞ ጠዋት ልንሸኛቸው ወደቡ ላይ ቆምን፤ የሌሎቹ ሠራተኞች ቤተሰቦችም ነበሩ። መርከቧ ከቆመችበት ስትላቀቅ ጋሼ በቱታ ብቅ ብለው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እኛ አንድ ነገር ጮኹ። በዚያው ቅጽበት ጡሩምባዋ ጮኸ፤ እኔ ምንም አልሰማሁም። እትዬ ሰምተው ሳቁ፤ ስጠይቃቸው ግን «ለእኔ ነው የተናገረው» አሉኝ። ባለታክሲው በየጊዜው የተለያየ ነገር ይለኛል። ይህን ከምታነቡት መካከል ያን ጠዋት ለወደቡ ጠርዝ ቀርባችሁ የቆማችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ጋሼ ምን እንዳሉ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እዚህ ላይ እጨምረዋለሁ።