በበረዶ አገር ዮናስ እባል ነበር

ልጅ ሳለሁ፣ ወንጂ፣ ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት እርሻው ሲቃጠል ጥቁር አመዱ እስከ ግቢያችን ድረስ ይዘንብ ነበር። በእነዚያ ምሽቶች መብራት ከጠፋ የሰፈሩ ልጆች የምንሰበሰበው ጎረቤታችን አባባ ገመቹ ደጃፍ ላይ ነበር። ወጣትነታቸውን በጭነት መርከብ ላይ ያሳለፉ ሰው ስለነበሩ ተረታቸው ውስጥ ጅብና ጦጣ አልነበሩም። እኛ በሙቀቱ እያላበን፣ እሳቸው በከሰሉ ፍምና በኩራዙ ብርሃን መካከል ተቀምጠው ስለ በረዶ አገር ሰዎች ይነግሩን ነበር፤ ከበረዶ ስለሚሠራ ቤት፣ በባሕር እንስሳ ስብ ስለሚነድ የድንጋይ ኩራዝ፣ እሳቱ እንዳይጠፋ ስለምትጠብቅ እናት። እሳቸው «ኤስኪሞ» ነበር የሚሏቸው። ራሳቸውን ኢኑይት ብለው እንደሚጠሩ፣ ትርጉሙም «ሰዎች» እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ አንብቤ ነው።

ያኔ፣ አንድ ምሽት፣ ስለ ስም አወሩን። እዚያ ሰው ሲሞት ስሙ ለሚወለደው ልጅ ይሰጣል፤ ከስሙ ጋር ሟቹም ይመጣል ይላሉ። ለልጇ የአባቷን ስም ያወጣች እናት ልጁን «አባዬ» ብላ ትጠራዋለች፤ ልትቆጣው እንኳ ታፍራለች።

«እኔ ግን ማስረሻ ነኝ» አልኩ።

«አንተማ ላጲስ ነህ» አለኝ አንዱ፤ ልጆቹ ሳቁ።

አባባ ገመቹ አልሳቁም። «ጉርባ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እሱን እናትህን ጠይቃት» አሉኝ።

ወንድሜ ዮናስ እኔ ሳልወለድ በወባ ሞቷል። ማስረሻ የተባልኩት እሱን እንዳስረሳ ነው። ቤት ገብቼ እናቴን «ዮናስ ብለሽ ጥሪኝ» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ኩራዙ ላይ ጋዝ እየጨመረች ስለነበር ቀና አላለችም።

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«አባባ ገመቹ። እዚያ አገር እኮ የሞተ ሰው ይመለሳል፣ እማ።»

«እዚህ አይመለስም። ሁለተኛ ያንን ስም እንዳታነሳ።»

ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያለችው ብዬ አልምልም። ጋዙ ሞልቶ መሬት ላይ ሲፈስ ዝም ብላ ማየቷን ግን እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አባባ ገመቹ ደጃፍ መሄድ ተከለከልኩ።

አሁን እናቴ አዳማ አብራኝ ትኖራለች፤ ማስታወስ እያቃታት ነው። ጠዋት ቁርሷን ሳቀርብላት «ዮናስ፣ አንተስ በላህ?» ትለኛለች። ሐኪሙ አትከራከራት ስላለኝ «አዎ፣ እማ» እላለሁ። መጀመሪያ የለመንኩት ነገር ዘግይቶ የደረሰልኝ መስሎኝ ነበር። ግን ተሳስቼ ካልሆነ፣ እነዚያ የበረዶ አገር ሰዎች ሟቹን በሕያው ላይ ይጨምራሉ እንጂ አንዱን አስወጥተው ሌላውን አያስገቡም።

ባለፈው ሳምንት «ማስረሻስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

እንጀራውን በእጇ እንደያዘች ጥቂት አሰበች። «ማስረሻ ማነው?»

ያወጣችልኝ ስም በመጨረሻ ሥራውን ሠራ። ያስረሳት ግን እኔን ነው።