ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ የሚኖር ኮምፒውተር

ፔርፔትዋ ማካራዬግ ኮምፒውተር መገጣጠም የጀመረችው በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማሪኪና ውስጥ ትሠራበት የነበረው የጫማ ፋብሪካ በተዘጋ በዓመቱ ነው። አሁን ሃምሳ አንድ ሞልቷታል። የኮምፒውተር ሱቆች በሞሉበት ጊልሞር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ባንኮኒ አላት። እዚያው ፎቅ ላይ የምንሠራ ገጣጣሚዎች ሁላችንም አቴ ፔታንግ እንላታለን። አቴ የሚባለው ታላቅ እህት ነው፤ ፔታንግን ግን በዕድሜ የሚበልጧትም እንዲሁ ይጠሯታል።

አጭር ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትረሳዋለች። የግራ አውራ ጣቷ ላይ የወስፌ ጠባሳ አለ። ስትናገር ድምፅዋን አታነሣም፤ የተናገረችውንም አታጥፍም። ተገጥሞ የመጣ ኮምፒውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው የሚለውን አቋሟን ለሃያ ሁለት ዓመት ስትናገር የሰማናት በዚሁ ድምፅ ነው።

የማትለውጠው አንድ የሥራ ልማድ አላት። ገጥማ የጨረሰችውን ኮምፒውተር በፎጣ ትጠቀልልና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጂፕኒ በሚባለው በሚንገጫገጭ የሕዝብ መኪና እስከ ኩባኦ ደርሳ ትመለሳለች። የምትቀመጠው ከኋላ ጎማው በላይ፣ ሰው ሁሉ በሚሸሸው ቦታ ነው። ስትመለስ ከፍታ ታያለች። የተነቃነቀ ነገር ካገኘች "ወድቋል" ትላለች፤ ደንበኛው ፊቷ ቆሞ ቢለምናትም አትሰጠውም።

ክሪሳንቶ ዱምላው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ብረት የሚጭን መርከብ ላይ ሁለተኛ መሐንዲስ ነው፤ ቅዳሜ ለዘጠኝ ወር ሊሳፈር ነው። ስልኩን ዘረጋላት። ፎቶው ላይ ከጫማ ካርቶን ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር የጌም ኮምፒውተር አለ።

"አቴ፣ ይሄን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ። ፊት ለፊት ሲያኖ ሱቅ መስታወት ውስጥ ነው ያለው። መቶ ሃምሳ ስምንት ሺህ ፔሶ።"

"ልገዛው ነው የመጣሁት። ጓደኞቼ ግን አስቀድመህ አቴ ፔታንግን ጠይቅ አሉኝ።"

"ጥሩ ጓደኞች አሉህ። ያንኑ የሚያህል ጉልበት ያለው በዘጠና ስድስት ሺህ እገጥምልሃለሁ። መጠኑም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።"

ሲያኖ በአየር ማቀዝቀዣ የሚቀዘቅዝ የመስታወት በር ያለው ሱቅ ባለቤት ነው። ማቀዝቀዣውን ትቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቷል።

"አትስማት ወንድሜ! ስልሳ ሁለት ሺህ የጨመርኩት ለምን ይመስልሃል? ለእንቅልፍህ ነው!"

"እንቅልፍ የምትሸጥ ከሆነ አልጋ ደርድር፣ ሲያኖ።"

ክሪሳንቶ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ባለፈው ጉዞው ላፕቶፑ በሁለተኛው ወር ተቃጠለበት። የቀረውን ሰባት ወር ከሞተር ክፍል ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሞተር ክፍል ሲመላለስ ከረመ። በስድስተኛው ወር በማይረባ ነገር ከአንድ መኮንን ጋር ተደባደበ። ድርጅቱም በጽሑፍ አስጠነቀቀው፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ለሥራ አይጠራም።

"ስጫወት ሁለት ሰዓት ከመርከቡ እወጣለሁ፣ አቴ። ያን ሁለት ሰዓት ካጣሁ ራሴን አላምነውም። ዘጠኝ ወር የሚቆይልኝን ብቻ ይንገሩኝ፤ ገንዘቡን ተዉት።"

ፔታንግ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "የማይቆይ ዕቃ ከዚህ ባንኮኒ ወጥቶ አያውቅም" አለችው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ኮምፒውተሩ ተገጠመ። ከሲያኖው ዕቃ በሁለት ጣት ብቻ ይሰፋል። በፎጣ ጠቅልላ አውሮራ ጎዳና ላይ ጂፕኒ ተሳፈረች። ክሪሳንቶም ከጎኗ ተቀመጠ። ሂሳብ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ሹፌሩ ያልፋል፤ ፔታንግ ሁለት እጇን ከፎጣው ላይ ስላላነሣች የሚደርሳትን ሳንቲም ክሪሳንቶ ይቀበልላታል።

"አቴ፣ ሩዝ ማብሰያ ነው?" አለቻት ፊት ለፊት የተቀመጠች አትክልት ሻጭ።

"ኮምፒውተር ነው። የእሱ ነው፣ መርከበኛ ነው።"

"መርከበኛ ነው? ታዲያ ምነው በጂፕኒ? እኔ በሱ ደመወዝ በአውሮፕላን ነበር ገበያ የምወጣው!"

ተመልሰው ሲከፍቱት ግራፊክስ ካርዱ ከመሰኪያው የሩዝ ፍሬ ያህል ወጥቷል። ካርዱ ከባድ ነው፤ በዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ ተንጠልጥሏል። አንድ ሽቦም ተንሸራቶ ፋኑን ነክቷል። ፔታንግ ካርዱን በጣቷ ወደ መሰኪያው መለሰችው።

"ወድቋል" አለች።

"መርከቡ ከጂፕኒ የባሰ ነው፣ አቴ። ሌሊትና ቀን ይንቀጠቀጣል።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ወድቋል ያልኩህ።"

ሐሙስ ጠዋት ፔታንግ መተላለፊያውን ተሻግራ ሲያኖ ሱቅ ገባች። ለስድስት ዓመት ያን በር ስትረግጥ አላየናትም።

"ያንን ዕቃ ጂፕኒ ላይ ልጫነው" አለችው።

"የማሳያዬን ዕቃ? አብደሻል?"

"በዋጋው ካመንክበት ምን ያስፈራሃል?"

ሲያኖ አሰበ። ሰው እየተሰበሰበ ነበር። "እሺ። ካለፈ ግን እዚህ መተላለፊያ ላይ ቆመሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ትናገሪያለሽ።"

"እናገራለሁ።"

ሦስቱም ሄዱ። ሲያኖ ኮምፒውተሩን ራሱ ታቀፈው፤ በየጉድጓዱ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ፔታንግ በስኳር የተጠበሰ ሙዝ በእንጨት ተሰክቶ ሲሸጥ አይታ ሦስት ገዛች። ለሲያኖ ስታቀብለው እጁ ስላልተፈታ አፉን ከፈተላትና አጎረሰችው። ሲመለሱ ከፈቱት። አንድም ብሎን አልላላም። ካርዱ በሦስት ቦታ ተይዟል፣ ሽቦው ሁሉ በልኩ ተቆርጦ በተበጀለት ቦይ ይሄዳል። ፔታንግ በባትሪ እያበራች ጥጋጥጉን ሁሉ አየች። የጫማ ፋብሪካ ሳለች ጥሩ ስፌት ስታይ ታደርገው እንደነበረው ጣቷን በጠርዙ ላይ አሳለፈች።

"ኑ! ኑ!" እያለ ሲያኖ አጨበጨበ። "አቴ ፔታንግ የምትናገረው አላት!"

እሷም በተለመደው ድምፅዋ ተናገረች። "የሲያኖ ዕቃ አልፏል። ይህን የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል። ጠባብ ቦታ ውስጥ ሙቀት ማስወጣት፣ ከባድ ነገር መያዝ፣ ሽቦ በልክ መቁረጥ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ ዋጋ አለው። ስልሳ ሁለት ሺው ባዶ አይደለም። ባዶ ነው ስል የኖርኩት ከፍቼ ሳላይ ነው፤ ተሳስቻለሁ።"

"ድገሚው!"

"ጆሮህን ታከም። አሁን እኔ ልጠይቅህ። ይሄ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሳፕላይ ገበያ ላይ ይገኛል?"

"አይገኝም። ለዚህ ሳጥን ብቻ በልኩ የተሠራ ነው። ግን የሦስት ዓመት ዋስትና አለው!"

"ቢቃጠል የት ይመጣል?"

"እዚህ። እኔ እልከዋለሁ፣ በሦስት ሳምንት አዲስ ይመጣል።"

"ብራዚል ወደብ ላይ ቢቃጠልስ?"

ሲያኖ የሚዋሽ ነጋዴ አይደለም። ክሪሳንቶን አየ፣ ከዚያ ዕቃውን አየ። "እንግዲህ እስኪመለስ ይጠብቃል" አለ።

"ፋኑስ?"

"እሱም የራሱ ነው።"

ፔታንግ ወደ ክሪሳንቶ ዞረች። "ገዢዋ እዚሁ ከተማ፣ ካቲፑናን አፓርታማ ውስጥ የምትኖር ሐኪም ብትሆን አሁን ከሲያኖ ጋር አጨባብጬያት ወደ ባንኮኒዬ እመለስ ነበር። ጠረጴዛዋ ትንሽ ናት፣ ጊዜ የላትም፣ ሲበላሽባት ሲያኖ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። ለእሷ ዋጋውን ያወጣል። ለአንተ ግን አያወጣም። አንተ የምትገዛው ራስህ የምትጠግነውን ነው።"

"አቴ፣ የቀረኝ ነገ ብቻ ነው" አለ ክሪሳንቶ። "የእሱ አልፏል፣ የእርስዎ ወድቋል። ያለፈውን ትቼ የወደቀውን ይዤ ልሂድ?"

"የወደቀ ይዘህ አትሄድም። እስከ ነገ ቀትር ስጠኝ። ነገም ከወደቀ እጅህን ይዤ ራሴ ሲያኖ ጋ አስገባሃለሁ።"

ዓርብ ማለዳ ከማሪኪና ስትመጣ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ይዛ ነበር። ውስጡ የጫማ ሶል ጎማ፣ ቀጭን አሉሚኒየም፣ በሰም የታሸ የጫማ ክርና ጠማማ መርፌ አለ። አሉሚኒየሙን በካርዱ ርዝመት ቆርጣ አጠፈችው፤ ካርዱ የሚያርፍበትን ቦታ በጎማ አለበሰችው። ከዚያ ሽቦዎቹን በክሩ አንድ በአንድ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር እያያዘች ሰፋቻቸው። እኛ በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የምናስረው። እሷ ግን፣ ፕላስቲክ በሙቀት ይደርቅና ይሰበራል፣ ሰም ያለው ክር ከጫማው ቀድሞ አያልቅም አለች።

ሲያኖ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያል። "ተረከዝም አድርጊለት እንጂ!"

"ያንተ ዕቃ ተረከዝ ካወጣ የኔም ያወጣል።"

ሰፍታ ስትጨርስ ካቻቢቴውን ለክሪሳንቶ ሰጠችው። "ሁሉንም ፍታው።"

"አሁን የጨረሱትን?"

"እስከ መጨረሻው ብሎን። ከዚያ ገጥመው፤ ክሩንም ራስህ እሰረው።"

የመርከብ ሞተር የሚፈታ ሰው ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ዙር ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ማዘርቦርዱን ገልብጦ ሊያስገባ ሲል ፔታንግ እጁን በማስመሪያ ነካችው። "መርከቡንም እንዲህ ነው የምትነዱት?" አለው ሲያኖ። ሁለተኛው ዙር ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሦስተኛውን በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨረሰና ማብሪያውን ተጫነ። በራ።

ከቀትር ጥቂት ቀደም ብሎ ጂፕኒ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ለፍሳሽ ቧንቧ በተቆፈረ መንገድ ላይ አዙሮ ስለወሰዳቸው ተሳፋሪው ሁሉ እያማረረ ነበር፤ ፔታንግ ብቻ መንገዱን አመሰገነች። ኮምፒውተሩ በዚህኛው ጊዜ በክሪሳንቶ ጭን ላይ ነበር። ሲመለሱ ሲያኖ የራሱን ባትሪ ይዞ መጣ፤ ከፍቶ ያየውም እሱ ነው። ካርዱ ካለበት አልነቃነቀም። አንዱን ሽቦ በጣቱ ሳበው፤ ክሩ ያዘበት።

"አልፏል" አለ ሲያኖ። ፔታንግ ሳትጠይቀው ነው የተናገረው።

ክሪሳንቶ ቅዳሜ ኮምፒውተሩንና የተረፈውን ክር በእጅ ሻንጣው ውስጥ፣ በካልሲዎች መካከል አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ፔታንግ ሁለት ደንበኞችን ወደ ሲያኖ ሱቅ ልካለች። አንደኛዋ ሕፃን የምታሳድግ የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው በካቻቢቴ ጠርሙስ የሚከፍት ተማሪ ነው። ሁለቱም ውዱን ገዙ፤ ሁለቱንም "ደግ አደረጋችሁ" አለቻቸው። ይህ ሥራዋን የጎዳባት አልመሰለንም።

በአምስተኛው ወር መልእክት መጣላት። ሲያኖ መነጽሩን አድርጎ ከትከሻዋ በላይ እያነበበ ነበር።

"አቴ፣ ባለፈው ሳምንት ፋኑ ጮኾ ቆመ። ጨው የበላው ይመስላል። የመርከቡ ቢሮ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፤ ከሱ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ልኩ ሆነ። አርባ ደቂቃ ብቻ ነው ያለ ጌም የቆየሁት። ከፋኑ ይልቅ ያስቸገረኝ የእርስዎ ክር ነው። በጥርሴ ነው የፈታሁት። እዚህ ሰላም ነው፣ ከማንም አልተጣላሁም።"

ፔታንግ በአንድ ጣቷ ቀስ ብላ ጻፈች። "በጥርስ አይፈታም። በምላጭ ቁረጠውና እንደገና እሰረው። ሳታስረው እንዳትተኛ።"

"እኔ ጋ ገዝቶት ቢሆን..." ብሎ ሲያኖ ጀመረ።

"አራት ወር ይጠብቅ ነበር።"

"አራት ወር ይጠብቅ ነበር" አለ ሲያኖም፣ ወደ ሱቁ እየተመለሰ።

ሰኞ ዕለት አንድ የመርከብ ኤሌክትሪሺያን ሲያኖ ሱቅ ገብቶ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጠየቀ። ሲያኖ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት መቼ እንደሚሳፈር ጠየቀው። ሰውየው "በአሥር ቀን" ሲለው በሩን ከፈተለትና በጣቱ ወደ ፔታንግ ባንኮኒ አመለከተው።