የመስኮት ዳሯ ሴትዮ

በህንዷ ቤንጋሉሩ የከተማ አውቶቡስ ለሴት ነጻ ከሆነ ወዲህ እኚህን ሴትዮ መስኮት ዳር የማላገኝበት ቀን የለም። ጸጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወንበሩ ላይ አጣጥፈው ኦቾሎኒ ይቆረጥማሉ።

«አክስቴ፣ ዛሬስ ነጻ ትኬትዎን እስከ የት ልቁረጥልዎ?» አላቸው አንድ ቀን ትኬት ቆራጩ ቲፔሽ።

«እስከ መጨረሻው።»

«እዚያ ምን አለዎት?»

«አይቼው አላውቅማ! አርባ ዓመት ሙሉ መንገዴ ከምድጃ እስከ በር ነበር።»

ትናንት ገበያው ጋ አንድ ሽማግሌ አትክልት የሞላ ከረጢት ተሸክመው እያለከለኩ ተሳፈሩ። ሴትዮዋ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ባሌ ነው! ደግነቱ መነጽሩን አላደረገም» አሉና ፊታቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ሽማግሌው መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ሴትዮዋ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እጃቸውን ዘርግተው ከረጢቱን ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«ተባረኪ እህቴ» አሉ ሽማግሌው። «ሚስቴ ጉልበቷን አሟት ከአልጋ አትነሳም። ገበያውም ማድ ቤቱም በእኔ ሆኗል።»

ሴትዮዋ ድምጻቸውን አቅጥነው፣ «ውይ፣ ምስኪን!» አሉ። «የጉልበት ነገር እኮ ቶሎ አይለቅም። አደራዎን፣ ዓመት ሙሉ እንዳያስነሷት።»